የጎረቤት ልጅ ሲጎዳ ካያችሁ፦ አዳማ ላይ የቱን ቢሮ ታንኳኳላችሁ?

ግቢያችን ያለው ቧንቧ ውሃ የሚመጣለት ሌሊት ነው። አንድ ሰሞን አስር ሰዓት ላይ ተነስቼ ስወጣ ሁልጊዜ ቀድማኝ የምትገኝ ልጅ ነበረች። አስራ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው። ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን ትሞላና እየጎተተች ትወስደዋለች። በአንድ እጇ ብቻ እንደምትጎትት ያስተዋልኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ግራ እጇን በሻሽ ጠቅልላዋለች። «ምን ሆነሽ ነው የኔ እናት?» አልኳት። «ሻይ ፈሶብኝ ነው» አለችኝ። ሻሹ ሲንሸራተት ግን ቁስሉን አየሁት። ሻይ ሲፈስ ይንጠባጠባል፣ ይሰራጫል። ይሄ ጠርዝ ነበረው፣ ጫፉ ሾጣጣ ነበር። የካውያ ጫፍ።

ጎረቤቱ በሙሉ ያውቅ ነበር። «የእህቴ ልጅ ናት፣ ላስተምራት ነው ያመጣኋት» ይባል ነበር፣ ትምህርት ቤት ስትሄድ ግን ማንም አላያትም። እኔም አራት ቀን ሙሉ ይህን ያንን ሳማክር ቆየሁ። በአምስተኛው ቀን አንድ ቢሮ ሄጄ መስኮቱ ጋ ያለው ሰው «የሰው ቤት ጉዳይ ነው፣ ሽማግሌ ልካችሁ አነጋግሯቸው» ብሎ መለሰኝ። የተሳሳተ በር ነበር ያንኳኳሁት። ትክክለኛውን እስካገኝ ሌላ ሁለት ቀን ሄደ። ያቺ ልጅ እነዚያን ቀናት እዚያው ቤት ነው ያደረችው። እናንተ እንደኔ ቀን እንዳታባክኑ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ አስቸኳይ መሆን አለመሆኑን ለዩ

ልጁ አሁን፣ በዚህ ሰዓት አደጋ ላይ ከሆነ ማመልከቻ ምናምን የለም። እየተደበደበ ከሆነ፣ ደም ካለ፣ ወሲባዊ ጥቃት ደርሶ ከሆነ፣ ወይም ሌሊቱን ሊያሸሹት እንደሆነ ከሰማችሁ ቀጥታ ቅርብ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ነው። ቅዳሜና እሁድም ቢሆን፣ ሌሊትም ቢሆን። ሌላው ቢሮ የሥራ ሰዓት አለው፣ እነዚህ ሁለቱ ግን አይዘጉም። የሰፈራችሁን ፖሊስ ጣቢያ ስልክ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ጠይቁና ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። ችግሩ ሲመጣ ቁጥር መፈለጊያ ጊዜ አይኖርም።

ወሲባዊ ጥቃት ከሆነ ደግሞ አንድ ቁጥር በጭንቅላታችሁ ያዙ፦ 72 ሰዓት። ኤች አይ ቪ እንዳይዝ የሚሰጠው መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፣ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ደግሞ የተሻለ ነው። እርግዝና ሊኖር የሚችልበት ዕድሜ ላይ ላለች ልጅም መከላከያው ሰዓት ይቆጥራል። ማስረጃውም እንደዚያው። ቤተሰብ በድንጋጤ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ልጅቷን ማጠብ ነው። ይገባኛል፣ እናት ናት፣ ልጇን ከዚያ ነገር ልታጸዳት ትፈልጋለች። ግን አትጠቡ። የለበሰችውን ልብስም አትጠቡ። ፌስታል ውስጥም አትክተቱት፣ ፌስታል እርጥበት ይይዝና ማስረጃውን ያበላሸዋል። በወረቀት ጠቅልሉት። ካኪ ፖስታ ካለ ጥሩ፣ ከሌለ ንጹሕ ጋዜጣ ይበቃል። 72 ሰዓት ካለፈም ደግሞ «በቃ አለፈን» ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። ምርመራውም፣ ሕክምናውም፣ ክሱም ከዚያ በኋላ ይቀጥላል።

አዳማ ላይ የት? አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ፣ ትልልቆቹ እስካሁን «ኃይለማርያም» የሚሉት፣ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የሚባል ክፍል አለው። ሐሳቡ ቀላል ነው። የተጎዳ ልጅ ታሪኩን ለሐኪም አንዴ፣ ለፖሊስ አንዴ፣ ለዐቃቤ ሕግ አንዴ እያለ ከተማውን ሙሉ ሲዞር እንዳይውል ሐኪሙም፣ መርማሪ ፖሊሱም፣ ዐቃቤ ሕጉም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያውም በአንድ ቦታ እንዲያገኙት ነው የተቋቋመው። በር ላይ ጥበቃውን «የአንድ ማዕከል የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ምን እንደደረሰ ለጥበቃ፣ ለካርድ ክፍል፣ ወረፋ ለያዘ ሰው ማብራራት የለባችሁም። ብር የለኝም ብላችሁም አትቅሩ።

አስቸኳይ ካልሆነ ግን ቢሮው ይሄ ነው

አስቸኳይ ያልሆነ ማለት ቀላል ማለት አይደለም። ልጁ ይራባል፣ ከዕድሜው በላይ ይሠራል፣ በየሳምንቱ ይደበደባል፣ ትምህርት ቤት አይላክም፣ ሊድሯት ሽማግሌ ተቀብለዋል። ለእንደዚህ ዓይነቱ የምትሄዱት በተለምዶ «ሴቶችና ሕፃናት» የምንለው መሥሪያ ቤት ነው። የበሩ ጽሑፍ ስሙን ሲቀያይር ግራ አትጋቡ። በፌዴራል ደረጃ ከ2014 ጀምሮ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው የሚባለው፣ በኦሮሚያ ደግሞ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ አለ፣ የዚያ ክንድ ከተማችን አስተዳደርና ክፍለ ከተሞቹ ድረስ ይወርዳል። ልጁ የሚኖርበትን ክፍለ ከተማ ነው የምትይዙት፣ የእናንተን አይደለም። እኔ ያባከንኩት አንዱ ቀን በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ መሥሪያ ቤት ምን ይሠራል ምን አይሠራም የሚለውን ካላወቃችሁ ተናዳችሁ ትመለሳላችሁ። ሰው አያስርም። አይፈርድም። «ሄዳችሁ ያዙልኝ» ብትሉ መልሱ «ፖሊስ ጋ ሂዱ» ነው፣ እውነታቸውን ነው። የእነሱ ሥራ ልጁ ነው። ማኅበራዊ ሠራተኛ ልከው የልጁን ሁኔታ ያያሉ፣ ቤተሰቡን ያነጋግራሉ፣ ወንጀል ሆኖ ካገኙት ለፖሊስ ይጽፋሉ፣ ሕክምና የሚያስፈልገውን ወደ ሆስፒታል ይልካሉ፣ ማደሪያ የሌለውን ከመጠለያ ጋር ያገናኛሉ፣ ወላጅ ዘመድ ያፈላልጋሉ፣ ልጁ ከተመለሰ በኋላም ይከታተላሉ። ፖሊስ ጥፋተኛውን ይከተላል፣ እነሱ ልጁን ይከተላሉ። ሁለቱንም ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል፣ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው ነው ብዙ ጉዳይ የሚያበላሸው። ተጠርጣሪው ይታሰርና ልጅቷ መንገድ ላይ ትቀራለች፣ ወይ ልጅቷ ዘመድ ጋ ትሄድና ሰውየው ሌላ ልጅ ያመጣል።

ፖሊስ ጋ ስትሄዱ ደግሞ ተረኛው ፊት ቆማችሁ ሁሉን አትዘርግፉት። «የሴቶችና ሕፃናት ጥቃት ምርመራ ክፍል» በሉ። ሴት መርማሪ ካለች እንድታነጋግራችሁ ጠይቁ። ለሴት ልጅ ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው።

ቋንቋ የሚያስፈራችሁ ካላችሁ፣ አትፍሩ። መሥሪያ ቤቶቹ የሚጽፉት በአፋን ኦሮሞ ነው፣ በቃል ግን በአማርኛ ብትናገሩ ይሰሟችኋል። ጽሑፉን በአፋን ኦሮሞ ይዞ መግባት ነገሩን ያፋጥናል፣ ቢሮዎቹ አካባቢ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ብቻ አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ የልጁን ስምና የደረሰበትን ሁሉ መንገድ ዳር ላለ ጸሐፊ አትንገሩ። «አንድ ሕፃን ላይ የደረሰ ጉዳትን ስለማመልከት» የሚል አጭር መሸኛ ይጻፍላችሁ፣ ዝርዝሩን ለባለሙያዋ በር ዘግታችሁ ንገሯት። ልጁ ራሱ ፍርድ ቤት ሲቀርብም አስተርጓሚ ማግኘት መብቱ ነው።

ምን ብላችሁ ነው የምትናገሩት?

ያያችሁትን ብቻ። «ትበድላታለች» አይረዳም፣ ማንም ማንንም ይላል። እኔ በሁለተኛው ጊዜ ስሄድ የያዝኩት ደብተር ላይ የነበረው እንዲህ ነበር፦ ማክሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ቧንቧ ጋ፣ ግራ እጇ ላይ ሾጣጣ የቃጠሎ ቁስል አይቻለሁ፣ «ሻይ ነው» ብላኛለች። ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት ጩኸት ሰምቻለሁ፣ «ሁለተኛ አይለምደኝም» የሚል የሷን ድምፅ። ትምህርት ቤት ስትሄድ አይቻት አላውቅም። ያው ይሄው ነው። ባለሙያዋ አንብባ ስትጨርስ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችኝም፣ ቦርሳዋን ነው ያነሳችው።

የጠረጠራችሁትን ካላያችሁት «ጠርጥሬያለሁ» በሉ፣ አየሁ አትበሉ። ማስረጃ ማሟላት የእናንተ ሥራ አይደለም። ልጁንም ራሳችሁ መርማሪ ሆናችሁ አታስጨንቁት። ልጅ አምኗችሁ ሲነግራችሁ ዝም ብላችሁ ስሙት። «እሱ ነው አይደል? እንዲህ አድርጎሽ ነው አይደል?» እያላችሁ አፉ ላይ ቃል አታስቀምጡ፣ በኋላ ተከላካይ ጠበቃ «ተነግሯት ነው» ይላል። ልጁ በተናገረበት ቃል ራሱ ጻፉት፣ «እዚህ ጋ» ብሎ ከጠቆመ «እዚህ ጋ ብሎ ወደ እንዲህ ያለ ቦታ ጠቆመ» ብላችሁ። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡለት፣ ምክንያቱም ልትናገሩ ነው፣ ቃላችሁን ስታጥፉ ሁለተኛ ሰው አያምንም። «ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ ሊረዱህ የሚችሉ ሰዎች ጋ ነው የምናገረው» ማለት ይበቃል። ፎቶ ደግሞ ለመርማሪው ብቻ። ቴሌግራም ላይ የልጅን ቁስል የሚለጥፉ ሰዎች ልባቸው ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ግን ያ ልጅ አድጎ ያንን ፎቶ ያገኘዋል።

ከቢሮ ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ይዛችሁ ውጡ። ማመልከቻው የገባበት የመዝገብ ቁጥርና ቀን፣ ጉዳዩን የያዘችው ባለሙያ ስም፣ መልስ የምትጠይቁበት ቀን። ቅጂ ላይ ማኅተም አስመቱ። ቁጥር የሌለው አቤቱታ ቡና ላይ እንደተወራ ወሬ ነው፣ ማንም ተጠያቂ አይሆንበትም።

ሕጉን ትንሽ ያዙ፣ ይጠቅማችኋል

«የራሴን ልጅ ብቀጣ ምን አገባችሁ?» የሚል ሰው ይገጥማችኋል። የወንጀል ሕጉ፣ ከ1997 ጀምሮ የሚሠራበት፣ አንቀጽ 576 ላይ የማሳደግ ኃላፊነት ያለበት ሰው ልጁን ቢያሠቃይ፣ ችላ ቢል፣ ከአቅሙ በላይ ቢያሠራ ወይም ቢደበድብ ወንጀል ነው ይላል። ለተገቢ አስተዳደግ የሚደረግ መጠነኛ ቅጣትን ሕጉ ለይቶ ትቶታል፣ ካውያ ግን እዚያ ውስጥ አይገባም። በልጁ ጤና ወይም አስተዳደግ ላይ ከባድ ጉዳት ካደረሰ ቅጣቱ ከፍ ይላል፣ የወላጅነት ወይም የአሳዳጊነት መብትንም ሊያሳጣ ይችላል። ትምህርት ቤት ውስጥ መምህር የሚገርፈውን በተመለከተ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ ናቸው ብሎ ከ1987 ጀምሮ ዘግቶታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። የቤት ሠራተኞች በዚያ አዋጅ አይታቀፉም፣ ስለዚህ ለቤት ሠራተኛ ልጅ የምትይዙት ያንን 576ን ነው። ደላላ ከገጠር አታሎ አምጥቷት ከሆነ ደግሞ በሰው መነገድን የሚከለክለው አዋጅ 1178/2012 አለ፣ ድንበር መሻገር የግድ አይደለም።

ወሲባዊ ጥቃትማ ጨዋታ የለውም። ከ13 ዓመት በታች የሆነች ልጅ ላይ ከተፈጸመ ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ከ13 እስከ 18 ባለው ዕድሜ ከ3 እስከ 15 ዓመት፣ አድራጊው አስተማሪዋ፣ አሠሪዋ ወይም አሳዳጊዋ ከሆነ ደግሞ ይከብዳል። «ፈቅዳ ነው» የሚለው ነገር እዚህ አይሠራም። ወንድ ልጅም ይጠቃል፣ ሕጉ እሱንም ይጠብቀዋል። ብዙ ጊዜ የሚደበቀው የወንዶቹ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሽምግልና ልናገር። እኔ ሽምግልናን የማከብር ሰው ነኝ፣ አባቴ ሰፈራችንን ሲያስታርቅ ነው የኖረው። ግን ሕፃን ላይ የተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት በግል አቤቱታ ብቻ የሚታይ ወንጀል አይደለም። ይሄ ማለት እናትና አባት «ታርቀናል፣ ትተናል» ብለው ቢፈርሙም መዝገቡ አይዘጋም፣ ዐቃቤ ሕግ ይቀጥላል። ካሳ ተቀብለው፣ በግ ታርዶ፣ አንዳንዴ ልጅቷን ለራሱ ለደፋሪው ድረው «ስሟን አተረፍን» የሚሉ አሉ። ልጅቷን ግን ማንም አልጠየቃትም። ሽማግሌ ሆናችሁ ከተጠራችሁ አትሂዱ። ከሄዳችሁም «ይሄ የኛ አይደለም፣ የመንግሥት ነው» ብላችሁ ተነሱ። አንድ የተከበረ ሰው ከተነሳ ሌሎቹም ይነሳሉ፣ አይቻለሁ።

«ልጄን ይወስዱብኛል» የሚሉ እናቶች

ይሄ ፍርሃት ብዙ ሰው አፍ ያዘጋል። በተለይ ባሏ ልጁን የሚመታባት እናት። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ልጅን ከቤቱ ማውጣት የመጨረሻው ነገር ነው። መጀመሪያ ጉዳት አድራሹ እንዲርቅ ነው የሚፈለገው። ካልሆነ ዘመድ ይፈለጋል፣ አያት፣ አክስት። ቀጥሎ አደራ ቤተሰብ፣ ቀጥሎ ጉዲፈቻ፣ ቃሉ ራሱ ከኦሮሞ ባህል የመጣ ነው፣ የሰውን ልጅ እንደራስ አድርጎ ማሳደግ። ማሳደጊያ ተቋም ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ወደ ውጭ አገር በጉዲፈቻ መስጠት ደግሞ በ2010 ቀርቷል፣ «ልጄን ለፈረንጅ ይሰጡታል» የሚለውን ወሬ ተዉት።

ማደሪያ ለሌላቸው ለሴቶችና ለልጆቻቸው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር አዳማ ላይ መጠለያ አለው። አድራሻው ለደኅንነት ሲባል አይነገርም፣ በፖሊስ ወይም በሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት በኩል ነው የሚገባው። ጠበቃ ለመግዛት አቅም ለሌላት እናት ደግሞ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አዳማ ቅርንጫፍ በነፃ ያማክራል።

ፍርድ ቤት ሲደርስ ልጁ አጥቂው ፊት ቆሞ ይናገራል ብላችሁ አትጨነቁ። ችሎቱ በዝግ እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። ለሕፃናት የተመቸ ችሎት ባለበት ልጁ ሌላ ክፍል ተቀምጦ፣ ባለሙያ ጥያቄውን በልጅ ቋንቋ እያቀረበችለት፣ ዳኛው በስክሪን ያየዋል። ዐቃቤ ሕጉን ቀድማችሁ «ልጁ እንዴት ነው የሚመሰክረው?» በሉት፣ በቀጠሮው ቀን ጠዋት አይደለም።

መልስ ካጣችሁስ? በቀጠሯችሁ ቀን ሂዱ። ባለሙያዋ ስብሰባ ላይ ናት ከተባላችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጋ ግቡ። ከክፍለ ከተማው ወደ ከተማው ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ወደ ክልሉ ቢሮ። ፖሊስ መዝገቡን ካንጠለጠለው ዐቃቤ ሕግ ጋ። ከዚያም በላይ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራውን አልሠራም የምትሉ ከሆነ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምና የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ ይቀበላሉ፣ ሁለቱም ሕፃናትን የሚመለከት ዘርፍ አላቸው። በየደረጃው ያንን የመዝገብ ቁጥር ነው የሚጠይቋችሁ። እነዚህ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ ለስንት ሰፈር አንድ ናቸው፣ መኪና የላቸውም፣ በባጃጅ ነው የሚዞሩት። በመጮህ ሳይሆን በመመላለስ ነው የሚሠራላችሁ።

ጎረቤት ይጠላኛል የሚለው ስጋት እውነት ነው፣ እኔን ሁለት ቤት ሰላምታ ነስቶኛል። ስማችሁ ለተከሳሽ ወገን እንዳይነገር ስትጠቁሙ ገና ጠይቁ። ከባድ ወንጀሎች ላይ ጠቋሚና ምስክርን የሚጠብቅ አዋጅ፣ 699/2003፣ አለ፣ ዛቻ ከደረሰባችሁ ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ በጽሑፍ አሳውቁ።

ያቺ የቧንቧዋ ልጅ አሁን አርሲ አያቷ ጋ ናት። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ናት አያትየውን ያፈላለገቻቸው፣ የእህት ልጅ አልነበረችም። እጇ ድኗል፣ ሁለቱ ጣቶቿ ግን ሙሉ አይዘረጉም። ባለፈው ስደውል አያቷ «ትምህርት ቤት ናት፣ ማታ ደውይ» አሉኝ። ክሱ አላለቀም። ቀጠሮው የሚቀጥለው ወር ነው፣ እኔም አንዷ ምስክር ነኝ፣ ደብተሬን ይዤ እሄዳለሁ።